ጨዉና ማስታገሻው

ሰሞኑን ሐሳቤ ሁሉ ኩላሊት ላይ ነው። እናቴ የደም ግፊት አለባት። ባለፈው ለክትትል ስንሄድ ሐኪሙ የደምና የሽንት ምርመራ አዘዘላት፤ ኩላሊቷን ለማየት። "እኔ ኩላሊቴን መቼ አመመኝ አልኩ?" አለችው። "እማማ፣ ኩላሊት እስኪያም አይጠበቅም" አላት።

እውነቱን ነው። ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። አብዛኛው ወደ ደም ይመለሳል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ሁለት ሊትር ቢሆን ነው። ግፊትና ስኳር ግን ቀጫጭን የደም ሥሮቻቸውን ቀስ እያሉ ይጎዳሉ። እግር ማበጥ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

እኛ ቤት ትልቁ ጉዳይ ጨው ነው። በርበሬው ሲሰናዳ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም እንደዚሁ። ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደገና ይጨመራል። እናቴ የገጠሩን ልማድ ስላልተወች ቡናዋ ላይም ጨው ጣል ታደርጋለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም ማለት ነው። ስለዚህ ወጡ ላይ የምንጨምረውን አስቀረን። መጀመሪያ ሰሞን "አልጫ ነው" እያለች ሳህኑን ትገፋ ነበር። ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ በርከት አደረግኩበት፤ አሁን ትበላዋለች። በቡናው ገና አልተስማማንም።

ውሃም አለ። ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ ከጀሪካኑ የሚጠጣውንም መቆጠብ ለምዶብናል። የእናቴ ኩባያ አሁን አጠገቧ ነው። ሽንት ጠቆር ካለ ውሃ አንሷል። ጠዋት ጠዋት እስከ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር በእግራችን እንሄዳለን፤ ለግፊቷ ጥሩ ነው።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ማስታገሻው ነው። ቡና የምንጣጣ ጎረቤታችን እትዬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዙ በየቀኑ ይውጣሉ። እንዲህ ያለው ማስታገሻ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ግፊት ላለበትና ውሃ ላነሰው ሰው ይብሳል። እሳቸውም ግፊት አለባቸው። ይህን ስነግራቸው ከመቀነታቸው ፈትተው ግማሹ ያለቀ ክኒን አወጡና "እስኪ አንብቢልኝ ልጄ" አሉኝ። አነበብኩላቸው። "ታዲያ ጉልበቴን ምን ላድርገው?" አሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው። የሚመልሰው ግን ሐኪም ነው። ማክሰኞ እናቴን ይዤ ስሄድ አብረውን ይመጣሉ፤ የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘው።