በሶብላን በጨለማ ወራት ቤት ውስጥ ማሳደግ

እናቴ ቅቤ ስታነጥር ኮሰረቱንና ኮረሪማውን ቀድማ አዘጋጅታ፣ በሶብላ ቆርጠን እንድናመጣላት ከልጆቿ አንዳችንን ወደ ጓሮ ትልክ ነበር። ስቶክሆልም ከገባሁ በኋላ ደረቁን ከሐበሻ ሱቅ እየገዛሁ ብኖርም፣ በፌስታል ታሽጎ ረጅም መንገድ የተጓዘ በሶብላ መልኩን እንጂ ሽታውን በሙሉ ይዞ አይደርስም። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት በቤቴ ውስጥ ላበቅለው ወሰንኩ። ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶብኝ በሦስተኛው ተሳካልኝ፤ የጠፋበትንም የተሳካበትንም ምክንያት አሁን ስለማውቀው፣ በብርድ አገር ለሚኖርና ተመሳሳይ ሐሳብ ላለው ሰው በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ዘሩን ያገኘሁት ከዚያው ከገዛሁት ቅመም ነው። የደረቀውን የአበባ ዘለላ በመዳፌ አሽቼ ነጭ ወረቀት ላይ ሳራግፈው ከገለባው መካከል ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ወጡ። ለቅመም የደረቀ ፍሬ ሁሉ ይበቅላል ማለት ስላልሆነ 20 ያህሉን በረጠበ ሶፍት ላይ አድርጌ ሞከርኳቸው። የበሶብላ ፍሬ ውኃ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ነጣ ያለ ዝልግልግ ሽፋን ያወጣል፤ ተልባ ዘፍዝፎ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ይህ ሽፋን ግን ፍሬው ሕይወት እንዳለው አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው ሥር ማውጣቱ ነው። ከ20ው 9ኙ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሥር ስላወጡ ዘሩን አመንኩትና የቀረውን በአፈር ላይ በትኜ፣ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ስስ አፈር ሸፈንኩት። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሆን ሙቀት ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል። እስከዚህ ድረስ በሦስቱም ዓመታት ችግር ገጥሞኝ አያውቅም።

ችግሩ የመጣው ከበቀለ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዘሩን የዘራሁት በጥቅምት ወር ሲሆን፣ ችግኞቹ በኅዳር እንደ ክር ቀጥነውና ረዝመው ወደ መስኮቱ ተጋደሙ። የደከሙት ውኃ አንሷቸው መስሎኝ ጠዋትና ማታ አጠጣቸው ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ግንዳቸው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ጠቁሮና ሟሽሾ አንድ በአንድ ወደቁ፤ በማሰሮዎቹም ዙሪያ ከረጠበ አፈር የሚፈለፈሉ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ይበሩ ነበር። ለእናቴ ስልክ ደውዬ ስነግራት «ልጄ፣ እኛ እኮ በበጋ ነው ውኃ የምናበዛለት፤ ፀሐይ ስላለ ይጠጣዋል» አለችኝ። በዚያን ጊዜ ልብ ያላልኩት ይህ ንግግር የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነበር።

ተክል ውኃ የሚስበው በሚያገኘው ብርሃን ልክ ነው። ቅጠሉ ብርሃን ሲያገኝ ቀዳዳዎቹን ከፍቶ አየር ያስገባል፣ በዚያው ቀዳዳ እርጥበት ይወጣል፣ የወጣውን ለመተካትም ሥሩ ከአፈሩ ይጠጣል። ብርሃን ከሌለ ይህ ሁሉ ይቀዘቅዛል፤ የፈሰሰው ውኃ በአፈሩ ውስጥ እንደ ረጋ ይቀርና ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ሻጋታውም ያን ጊዜ ያጠቃዋል። አዲስ አበባ ላይ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ስቶክሆልም ላይ ግን በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትታየው ለ6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ እርሷም ዝቅ ብላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከደመና ጀርባ። በዚያ ላይ ዓይናችን ያታልለናል። ደማቅ ፀሐይ ባለበት ሜዳ የብርሃኑ መጠን ወደ 100,000 ሉክስ ሲደርስ፣ እኛ ብሩህ ነው የምንለው ሳሎን ግን ጥቂት መቶ ሉክስ ብቻ ይኖረዋል። እኔ ብሩህ ክፍል ውስጥ ያስቀመጥኳቸው መስሎኝ ሳለ፣ ችግኞቹ የቆሙት በጨለማ ውስጥ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የኤልኢዲ አምፖል ገዛሁ፤ ነገር ግን ከጣሪያው ላይ ስለሰቀልኩት ከተክሉ ከአንድ ሜትር በላይ ራቀና እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም አልሰጠም። እንደዚያም ሆኖ ጥቂት ችግኞች ተርፈው ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ደርሰው ነበር። የጨረሳቸው ብርድ ነው። የበሶብላ ቅጠል ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ አይችልም፤ ሌሊት መስታወቱን የነኩት ቅጠሎች ጠቆሩ፣ የቀሩትም እኔ ክፍሉን ለማናፈስ በጥር ወር መስኮቱን ከፍቼ በረሳሁበት አንድ ምሽት አለቁ። ከሥራቸው ደግሞ የቤቱ ማሞቂያ በመስኮቱ ግርጌ ስለሆነ የማሰሮውን ታች እያጋለ ላዩ በረዶ ይሆን ነበር። የመስኮት ዳር በዚህ አገር በጋ መልካም ቦታ ቢሆንም፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ግን ለበሶብላ የሚሆን ቦታ አይደለም ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ማሰሮዎቹን ከመስኮቱ አንሥቼ በወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አደረግኳቸውና ነጭ ብርሃን ያለውን ኤልኢዲ ከጫፋቸው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ተክሉ ሲያድግ አምፖሉንም ከፍ አደርገዋለሁ። መብራቱ በራሱ ጊዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ ማለትም ለ14 ሰዓታት እንዲበራ በሚያደርግ ቆጣሪ ሶኬት አያያዝኩት። ለውጡ በ10 ቀን ውስጥ ታየ፤ ግንዱ አጠር ብሎ ወፈረ፣ ቅጠሉም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆነ። ማሰሮዎቹ ሁሉ ከሥራቸው ቀዳዳ አላቸው፤ ከሱቅ የገዛሁትንም አፈር ውኃ እንዳይቋጥር ሻካራ አሸዋ ቀላቅዬበታለሁ። በአንድ ማሰሮ ከሦስት ችግኝ በላይ አልተውኩም፤ ገበያ ላይ የሚሸጠው የባዚል (የበሶብላ የፈረንጅ ዘመድ) ማሰሮ ቶሎ የሚሞትበት አንዱ ምክንያት ብዙ ችግኝ በጠባብ ቦታ ተጨናንቆ ስለሚሸጥ ነውና።

ውኃውን አሁን በቀን ቆጠራ አልወስንም። ማሰሮውን በእጄ አነሣዋለሁ፤ ከቀለለ ለብ ያለ ውኃ በሥሩ ሳህን ላይ አፍስሼ ለግማሽ ሰዓት ከታች እንዲስብ አደርግና የተረፈውን እደፋለሁ። ላዩ ደረቅ ሆኖ ስለሚቆይ እነዚያ ጥቁር ዝንቦች ተመልሰው አልመጡም። ክሽክሽ የሚባለውን ጥቃቅን ተባይ ግን አንድ ጊዜ በቅጠሉ ጀርባ ተራብቶ አግኝቼ፣ ተክሉን አጋድሜ በውኃ በማጠብና ይህንኑ በየሦስት ቀኑ በመደጋገም አጥፍቼዋለሁ። የሚበላ ነገር ላይ መርጨት አልወደድኩም።

ስለ መቀንጠስ ለብቻው መናገር ይገባል። የእኛ በሶብላና ጣልያኖቹ የሚወዱት ባዚል የአንድ ዝርያ ልጆች ቢሆኑም የምንፈልግባቸው ነገር ይለያያል። ባዚልን የሚያሳድግ ሰው ቅጠሉን ስለሚፈልግ አበባውን ባየ ቁጥር እንዲቀነጥስ ይመከራል፤ እኔም ምክሩን አንብቤ መጀመሪያ የወጡትን አበቦች ሁሉ ቀንጥሼ ጣልኳቸው። እኛ ግን ለበርበሬው፣ ለሽሮውና ለቅቤው የምንፈልገው በዋናነት ያንኑ ሽታው የተከማቸበትን የአበባ ዘለላ ነው! ስለዚህ የምቀነጥሰው በልጅነቱ ብቻ ነው። ችግኙ አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ከሁለተኛው ጥንድ በላይ እቆርጠዋለሁ፤ ከቅጠሎቹ ብብት ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣል፤ እነርሱም ሲያድጉ አንድ ጊዜ ደግሜ እቆርጣቸውና ከዚያ በኋላ እንዲያብብ እተወዋለሁ። አንድ ዘለላ ይሰጥ የነበረው ተክል በዚህ መንገድ አራትና ከዚያም በላይ ይሰጣል። ንብ በሌለበት ቤት ፍሬው እንዲይዝ አበባዎቹን በየጠዋቱ በጣቴ በቀስታ አንቀጠቅጣቸዋለሁ።

ዘለላው ከታች በኩል ቡናማ መሆን ሲጀምር ከነእንጨቱ ቆርጬ በሰፌድ ላይ በጥላ አሰጣዋለሁ። ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያው ላይ ቢደርቅ ሽታው አብሮ ይተናል። ለምግብ የሚሆነውን እርጥብ ቅጠል ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ አላስገባም፤ ይጠቁራልና በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አቆመዋለሁ።

በሶብላ አብቦ ፍሬ ከያዘ በኋላ እየጠነከረና እየደረቀ ስለሚሄድ በየሁለት ወሩ የሚተካውን ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ዘር ከመዝራት ይልቅ ያላበበ ቅርንጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጬ፣ የታችኛውን ቅጠል አንሥቼ ውኃ ውስጥ ማቆሙን መርጫለሁ፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣል። በመጋቢት ወር ከአራት ማሰሮ የሰበሰብኩት ደርቆ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ሞላ። ለዓመት የሚበቃ አይደለም፤ ለፋሲካው ቅቤ ግን በቅቷል፤ ሳነጥረውም ሽታው እስከ ደረጃው ድረስ ወርዶ ጎረቤቴ ምን እንደሆነ ጠይቃኛለች። አሁን በመደርደሪያው ላይ በብርጭቆ ውስጥ ሥር ያወጡ አምስት ቅርንጫፎች አሉ፤ አንዱ የእርሷ ነው።