ዘይት ያልነካው በር

እንኳን አደረሳችሁ ወዳጆቼ! እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ፣ ከ2017 ወደ 2018 በሰላም አሸጋገራችሁ። መውሊድም ሰሞኑን ነበርና እሱንም አብሬ እንኳን አደረሳችሁ ብያለሁ። ወሎ ውስጥ ግማሹን ጎረቤት እንኳን አደረሰህ ብሎ ግማሹን መዝለል አይቻልም። ማታ ቡና ላይ ትጠየቅበታለህ።

የምጽፍላችሁ ደሴ ቁጭ ብዬ ነው። ገና ጠዋት ነው። የጦሳ ተራራ ጉሙን እንደተከናነበ ነው፤ በዓል መሆኑን የሰማ አይመስልም። ከታች ሰፈር የዶሮ ጩኸት ይሰማል። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ በዓል ነው።

ጳጉሜን እንዴት አለፈችላችሁ? ለደመወዝተኛው ደመወዝ የሌላት የአምስት ቀን ወር ናት። እንደኔ ላለ ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ዓመቱ በሙሉ ጳጉሜን ነው። (ባለቤቴ ይቺን ቀልድ በየዓመቱ ስለምትሰማት መሳቅ ካቆመች ቆይታለች።)

ዓመቱን ሙሉ ከእናንተ በብዛት የመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ሐሳቡ ከየት ነው የሚመጣልህ?» ለብዙዎቻችሁ በሁለት መስመር መልሼ አልፌያለሁ። እውነቱን ለመናገር ሸውጃችኋለሁ። ዛሬ በዓልም አይደል፣ በደንብ ልመልስ።

ባለፈው የካቲት አንድ ምዕራፍ ላይ ተቸክዬ ነበር። አንድ ሰው ሚስቱንና ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። በቃ፣ ይሄው ነው ነገሩ። ዘጠኝ ጊዜ ጻፍኩት። ዝናብ አዘነብኩበት። ውሻ አስጮህኩበት። ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ ወደኋላ እንዲያይ፣ እንባው እንዲወርድ አደረግሁ። ሰውዬው ግን ንቅንቅ አላለም። እኔ ገፍቼ ላስወጣው ስታገል እሱ ቤቱ ቁጭ ብሏል።

«ሰላም ስላጣሁ ነው» አልኩ። ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ መብራት ይሄዳል፣ ስልክ ይጮሃል፣ ጎረቤት ቡና ይጠራል። ስለዚህ ደብተሬን ይዤ ሐይቅ ወረድኩ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደግሞም ለጸሐፊ እንደ ሐይቅ ያለ ቦታ የት ይገኛል? አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት፣ መጻሕፍት የተጻፉበት የእስጢፋኖስ ገዳም እዚያው ነው። ከቦታው ትንሽ ቢተርፈኝ ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

አስር ቀን አልጋ ይዤ ተቀመጥኩ። ጸጥታ፣ ውሃ፣ ወፍ። የተጻፈ፦ አራት ገጽ። ከአራቱ የተቀደደ፦ ሦስት። ዓሣ ግን በደንብ በልቻለሁ።

እዚያ ሆኜ ስለ ድሮ ቁም ጸሐፊዎች አስብ ነበር። ሁልጊዜ የምስላቸው ብቻቸውን ነበር። ጸጥ ባለ ጎጆ፣ ብራናው ጉልበታቸው ላይ፣ መቃው በእጃቸው። ግን ብራና እኮ ቆዳ ነው። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ ስንት ፍየል ይታረዳል! ቆዳውን የሚወጥር አለ፣ የሚፍቅ አለ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም የሚበጠብጥ አለ፣ እህል ውሃ የሚያቀርብ አለ። ያ ሁሉ ሰው በዙሪያው እየወጣ እየገባ ነው ሰውዬው የጻፈው። እኔ ደግሞ ከሰው ሸሽቼ ስለ ሰው ልጽፍ መምጣቴ! በአስራ አንደኛው ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ቤቴ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ እንደ ልማዳቸው ጠሩኝ። ረከቦቱ ተዘርግቷል፣ ሳሩ ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል።

«ምነው ጠፋህ የኔ ሸጋ?»

«ሐይቅ ነበርኩ እትዬ። ልጽፍ።»

«ምኑን?»

«ቤቱን ጥሎ ስለሚሄድ ሰው።»

ፍንጃሉን እያቀበሉኝ ሳቁ። «ይሄን ፍለጋ ነው ሐይቅ ድረስ? እዚሁ እኔ ዘንድ መች ጠፋና!»

ከዚያ ነገሩኝ። ሃያ ዓመት ጎረቤታቸው ሆኜ ሰምቼው አላውቅም። ባላቸው ጋራዥ ነበር የሚሠሩት። የቤታቸው በር ደግሞ ሲከፈት ሲጢጥ ይላል፤ ሕፃን ይቀሰቅሳል፣ እንግዳ ያሳፍራል። ሁለት ዓመት ሙሉ «ኧረ ይሄን በር አንድ በለው» እያሉ ጨቀጨቋቸው። አንድ ሐሙስ ማታ ሰውዬው በጠርሙስ ዘይት ይዘው መጡ። ሳይለምኗቸው። ማጠፊያውን በጨርቅ ጠረጉት፣ ዘይቱን ጠብ ጠብ አደረጉበት፣ በሩን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አድርገው ሞከሩት። ምንም ድምፅ የለም።

«መረቅኩት» አሉኝ እትዬ። «እጅህ ይባረክ፣ ዕድሜህ ይርዘም ብዬ መረቅኩት። ቅዳሜ ንጋት ላይ ስነቃ የለም። በሩ ሲከፈት አልሰማሁማ።»

ጀበናውን አንስተው ቶናውን ሊጥሉ ውሃ ጨመሩ።

«ከዚያ ወዲህ ያን በር ዘይት አላስነካሁትም። ይጩህ።»

አቦሉ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። የኔ ዝናብ፣ የኔ ውሻ፣ የኔ እንባ የት ይግባ? እዚህ ሰውዬው በጠርሙስ ዘይት ብቻ ወጥቶ ሄደ። ደግሞም ተመርቆ።

«እትዬ፣ ይሄን ልጻፈው?» አልኳቸው።

አሰቡበት። «ጻፈው። አገሩን ግን ለውጠው። እኔንም ትንሽ ልጅ አድርገኝ።»

ያን ማታ ምዕራፉ አለቀ፣ አንድ ገጽ ተኩል። ዝናቡን አወጣሁት። ውሻውንም።

እንግዲህ ሐሳቡ ከየት እንደሚመጣ ጠይቃችሁኝ ነበር። ከየትም ሳይሆን ሥራ አስፈታኝ ብዬ ከማማርርበት ቦታ ነው። «ቡና ጠጣ» የሚለውን ጥሪ ስንት ዓመት እንደ ጠላት ቆጥሬዋለሁ። አዝማሪ ይሄን ከኔ በፊት ያውቃል። ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የኛው አገር ስም ናቸው። ቅኝቱ ያው የጥንቱ ነው። አዝማሪው ግን እፊቱ የተቀመጠውን ሰው ስም፣ ካፖርቱን፣ ኩርፊያውን እየለቀመ ግጥም ያደርገዋል። ሰው በሌለበት ቤት ምን ይለቅማል?

መጠየቅን ግን እንዳትረሱ። እኔ አንድ ጊዜ የዘመዴን ገመና ሳላስፈቅድ ስሙን ብቻ ቀይሬ አወጣሁት። አወቀው። ሁለት ዓመት አኮረፈኝ፣ በሽማግሌ ነው የታረቅነው። እውነቱ የሱ ነበር፣ ምንም የምከራከርበት የለኝም። ስለዚህ አሁን እጠይቃለሁ። እንቢ ካሉኝ ቡናዬን ጠጥቼ እወጣለሁ።

ስለ ደብተሮቼ የምትጠይቁም አላችሁ። በ2014 ጥቅምት በጦርነቱ ከደሴ ስንወጣ ይዤ የወጣሁት ደብተር አልነበረም፤ የልጆቹን ብርድ ልብስ ነው። ያኔ ስለ ልብ ወለድ ያሰብኩት አንድም ነገር የለም። ስንመለስ ከቤቱ ብዙ ነገር ሄዷል። ደብተሮቹ ግን መሬት ላይ ተበትነው እዚያው አሉ። ዘራፊ እንኳን አልፈለጋቸውም። ያን ቀን ባለቤቴ ስቃ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። በዚህ ላይ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን፣ ወይም አንመለስበትም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ይሄን እየጻፍኩ በር ተንኳኳ። ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በዓመት በዓል ሥዕል የሚያዞር ልጅ። አደይ አበባ ስሎ አመጣልኝ። ግን አበባው ቀይ ነው። ደማቅ ቀይ! አደይ ቀይ ሆኖ አይቼ አላውቅም።

«ማሙሽ፣ አደይ ቢጫ አይደለም እንዴ?»

ትክ ብሎ አየኝና «ቢጫው እታች ሰፈር አለቀብኝ ጋሼ» አለኝ።

ብሩን ተቀብሎኝ ሄደ። ቀዩን አበባ ከጠረጴዛዬ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። እስካሁን አራት ጊዜ ቀና ብዬ አይቼዋለሁ። ቢጫ ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ አይቼው መሳቢያ ውስጥ እከተው ነበር መሰለኝ።

በሉ እንግዲህ። ያመመው ይማር፣ የራቀው ይምጣ፣ የተኳረፈው ይታረቅ። ለምትጽፉ ደግሞ ቢጫው ሲያልቅባችሁ ቀዩን አውጡ፣ ጎረቤት ሲጠራችሁ ሂዱ። አዲሱ ልብ ወለድ መቼ ይወጣል ለምትሉኝ፣ አብሽሩ፣ እየመጣ ነው። የእትዬ በር ያለበት ምዕራፍ አስራ አራተኛው ነው። ባለፈው ሳምንት አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው «ትንሽ ልጅ አድርገኝ አልኩህ እንጂ እንዲህ ቆንጆ አድርገኝ መች አልኩህ?» አሉኝ። ግን እንድቀይረው አልፈለጉም።

መልካም አዲስ ዓመት! ይሄው፣ ከግድግዳው ወዲያ በሩ ሲጢጥ አለ። ሊጠሩኝ ወጡ ማለት ነው። ልሂድ፣ አቦሉ እንዳያልፈኝ።