እንኳን አደረሳችሁ! ዘንድሮ ስለ ቤዚስቶች ነው

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! 55ቱን ቀን ለጾማችሁ እንኳን ለፍስክ አበቃችሁ። ላልጾማችሁም ዶሮው ይደርሳችኋል። በዓሉን ሥራ ላይ ለምታሳልፉት፣ ዱባይም ሁኑ ዋሽንግተን፣ ልዩ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

በዓል በመጣ ቁጥር የሚወራው ስለ ዘፋኝ ነው። እኔ ዛሬ ስማቸው ብዙም የማይጠራውን ላንሳ። ከድራሙ አጠገብ ቆመው፣ አንገታቸውን ወዝወዝ እያደረጉ ባንዱን የሚነዱትን። ቤዝ ጊታር ተጫዋቾችን።

ነገሩ የመጣብኝ ከበገና ነው። ሁዳዴን ሙሉ ስሰማው ነበር። በገና አሥር ክር አለው፤ ብዙ ደርዳሪዎች ግን የሚመቱት ከአሥሩ አምስት ስድስቱን ነው። ያ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚነዝረው ድምፅ የሚወጣው ደግሞ ከእያንዳንዱ ክር ሥር ከምትገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ነው። ቆዳዋ ከቦታዋ ትንሽ ፈቀቅ ካለች ንዝረቱ የለም። ወፍራም ድምፅ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ከጣትና ከክር መሀል ባለች ትንሽ ነገር ይለያያል።

የምወዳቸውን ቤዚስቶች አንድ በአንድ ሳስባቸው፣ አብዛኞቹ ስልታቸውን ያገኙት የሆነ ነገር ጎድሎባቸው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ላሪ ግራሃምን እንውሰድ። በልጅነቱ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ከእናቱ ጋር ክለብ ይሠራ ነበር። እናት ፒያኖ እየመቱ ይዘፍናሉ። እሱ ጊታር ይጫወታል፣ በእግሩ ደግሞ የኦርጋኑን የቤዝ ፔዳል ይረግጣል። አንድ ቀን ኦርጋኑ ተበላሸ። እስኪጠገን ብሎ ቤዝ ጊታር ተከራየ። ኦርጋኑ ሳይጠገን ቀረ። ቀጥሎ ድራመሩም ቀረ። ምን ያድርግ? ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቱ መደብደብ፣ ቀጭኑን በሌላ ጣቱ ስቦ መልቀቅ ጀመረ። አንዱ የእግር ድራሙን ተካ፣ ሌላው ስኔሩን (ጠ የሚለውን ትንሹን ድራም)። ዛሬ ስላፕ የምንለው አመታት የመጣው ከዚያ ነው። በኋላ ስላይ ኤንድ ዘ ፋሚሊ ስቶን የተባለው ባንድ ውስጥ ሲገባ ዓለም ሰማው። አሁን የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ገብቶ ቤዝ የሚሞክር ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ባለሱቆቹን ያጽናቸው።

ጃኮ ፓስቶሪየስ ፍሎሪዳ ነው ያደገው። ደብል ቤዝ (ቆመው የሚጫወቱትን ትልቁን የእንጨት ቤዝ) ገዝቶ ነበር፤ የአገሩ እርጥበት እንጨቱን ሰነጠቀበት። ስለዚህ ከኤሌክትሪክ ቤዙ አንገት ላይ ፍሬቶቹን፣ ኖታዎቹን የሚለዩትን የብረት ዘንጎች፣ ነቀላቸው። ክፍተቱን ሞላ፣ ላዩን ጀልባ በሚቀባበት ጠንካራ ኢፖክሲ ለበጠው። ክሩ ያንን ገጽ እየነካ ሲንቀጠቀጥ ድምፁ እንደ ሰው ያንጎራጉራል። ለኔ ጆሮ ከበገናችን ንዝረት ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን የመጀመሪያ አልበሙን ስሙት። አንዳንዴ ኖታ ያበዛል፣ እውነት ለመናገር። ግን በ35 ዓመቱ ለሞተ ሰው ይህን ያህል ትቶ መሄድ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ሰውዬው እንምጣ። ጄምስ ጀመርሰን።

ዲትሮይት፣ የሞታውን ሙዚቃ አሳታሚ ስቱዲዮ፣ 1960ዎቹ። ጀመርሰን የመጣው ከደብል ቤዝ ነው፤ ኤሌክትሪኩንም የሚመታው በቀኝ እጁ ሌባ ጣት ብቻ ነበር። በአንድ ጣት! ክሩ ካልተበጠሰ አይቀይረውም። ከብሪጁ (ክሮቹ ከታች ከሚያርፉበት ብረት) መሸፈኛ ሥር ስፖንጅ አለ፤ እሱ ድምፁን ያፍነዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኖታ ዱብ ይልና ወዲያው ያልቃል። እሱ ግን በዚያች አጭር ድምፅ የሚሠራው ጉድ ነው። ዘፋኙ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጀመርሰን በጎን ይመጣል። ምቱ ላይ ያርፋል ስትሉ ትንሽ ይቀድማል፣ ወይ ዝም ይላል፣ ከዚያ ያልጠበቃችሁት ኖታ ላይ ትገናኛላችሁ። ዘፈኑ ግን አንዴም አይናጋም።

ያን ሁሉ ተወዳጅ ዘፈን ሲመታ ስሙ ሸክላው ላይ አይጻፍም ነበር። የሞታውን ተጫዋቾች በስም የተመሰገኑት ማርቪን ጌይ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ዋትስ ጎይንግ ኦን አልበም ላይ ነው። የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን ሲቀርጹ ጀመርሰን ጠጥቶ ስለነበር መቀመጥ አቅቶት፣ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ መታው ይባላል። ያንን ቤዝ ቆሞ የሚመታ ስንት አለ?

ካሮል ኬይን ሳላነሳ አላልፍም። ጊታሪስት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1963 ሆሊውድ ውስጥ ቀረጻ ላይ ቤዚስቱ ሳይመጣ ቀረ፣ እሷ ቤዙን አነሳች። ከጊታር ስለመጣች በፒክ (በእጅ በሚያዝ ትንሽ የክር መምቻ) ነበር የምትመታው፤ ክሩን ደግሞ በወፍራም ጨርቅ ታፍነው ነበር። ጥርት፣ ቁርጥ ያለ ድምፅ። የጃማይካው አስተን ባሬት ደግሞ የመጀመሪያ ቤዙን ከኮምፔንሳቶ ራሱ ሠራ። በኋላ ከቦብ ማርሊ ጋር ሲመታ፣ ሌላው ሰው የሚረግጠውን የመጀመሪያውን ምት ባዶ የሚተውበት ጊዜ ብዙ ነው። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው ሰው የሚወዛወዘው።

የኛዎቹስ? የኛ ጉድለት ሰዓት እላፊ ነበር። በደርግ ጊዜ ክለብ የገባ ሰው ከመሸ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። መላከ ገብሬን በዋልያስ ባንድ ስሙት። «ሙዚቃዊ ስልት» በተባለው ዜማቸው ላይ ኦርጋኑና ሳክስፎኑ ይገባሉ ይወጣሉ፤ ቤዙ ያችኑ ሐረግ ይዞ ንቅንቅ አይልም። አይቸኩልም፣ አይሰለችም። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሲሄድ መላከ እዚያው ከቀሩት አንዱ ነው። ጆቫኒ ሪኮ ደግሞ የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ቤዝ ነው። ወላጆቻችሁ የሚወዱት የዚያ ዘመን ካሴት ካለ የሱ ጣት ያለበት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። «ኧረ መላ መላ»ን ማሕሙድ ሲዘፍነው አንዴ ማሕሙድን ትታችሁ ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ።

ከዚያ ኪቦርድ መጣና የቤዚስቱን ሥራ በግራ እጁ ወሰደው። ኪቦርዲስቶቹን አልወቅስም፣ ባንድ ማስተዳደር ውድ ነው። ግን ልዩነቱ ይሰማል። አሁን ወጣት ቤዚስቶች ወደ መድረክ ሲመለሱ ሳይ ደስ ይለኛል።

አንድ ምክር ብቻ፦ እነዚህን በስልክ ስፒከር አትስሟቸው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የስልክ ስፒከር ያንን አያወጣውም። ወይ ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፣ ወይ ያ ሳሎን ውስጥ አቧራ የለበሰውን ትልቁን ቴፕ አስነሱት።

የእናንተን ቤዚስት ደግሞ ጻፉልኝ። የሠርግ ባንድ ውስጥ ቤዝ የምትመቱ ልጆች፣ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። እኔም ሁለት ሦስት ጥሪ አለብኝ። ከቤዙ ስፒከር አጠገብ ታገኙኛላችሁ። መልካም በዓል!