ከአራት በታች

የጥናቱ መጠይቅ ፒኤስኤን ከፍ የሚያደርገውን ነገር በሙሉ ይጠይቅ ነበር። ፒኤስኤ ወንዶች ብቻ ካላቸው ከፕሮስቴት ዕጢ የሚወጣ፣ ደም ውስጥ ሲበዛ ካንሰር የሚያስጠረጥር ፕሮቲን ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበረብዎት? በቅርቡ ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) ገብቶልዎት ነበር? ባዮፕሲ (ለምርመራ ከዕጢው የሚቆረጥ ትንሽ ናሙና) ተወስዶልዎት ያውቃል? ከእነዚህ አንዱን «አዎ» ያለ ሰው ደሙ ያን ቀን አይወሰድም። ስድስት ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል። ይኼ ተገቢ ነው። ዝቅ የሚያደርገውን ግን አንድም ቦታ ላይ አይጠይቅም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

ጥናቱ ድሬዳዋ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ከሆኑ ወንዶች ስንቶቹ በአንድ ሚሊሊትር ደም ከ4 ናኖግራም በላይ ፒኤስኤ እንዳላቸው ለማወቅ የታሰበ ነው። ነርሶች ዳታ ሰብሳቢ ሆነን ገባንበት። የምንሠራው ጠዋት ጠዋት ነው። በድሬ ሙቀት ሽማግሌ ሰው ከምሳ በኋላ ቀጥሮ ወረፋ ማስጠበቅ አይታሰብም። ቢቀጠርም አይመጣም፤ ያን ሰዓት ሁሉም ጥላና ጫቱ ጋ ነው።

ሴት ሆነሽ አባቶችን ስለ ሽንታቸው እንዴት ትጠይቂያለሽ ይሉኛል። እኔ ተቸግሬ አላውቅም። እንዲያውም ከልጅ እግር ሐኪም ይልቅ ለሲስተር ይናገራሉ። ሌሊት ስንቴ እንደሚነሱ፣ ሽንቱ እንዴት እንደሚቆራረጥባቸው፣ መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ረጅም ሰዓት መቆየት እንዴት እንዳሳቀቃቸው ይነግሩኛል። ብዙዎቹ ለሚስታቸው እንኳ ያላወሩት ነገር ነው። አንድ ሰው ይኼን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ «የዳታ ምንጭ» ብቻ አድርጌ ላየው አልችልም።

አንድ ጠዋት አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ገቡ። ሰባዎቹ ውስጥ ናቸው። ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ አነጋገራቸው ቁጥብ።

«አባባ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ?»

«ድሮ አራት አምስት ጊዜ ነበር። አሁን አንዴ ነው። ክኒኑ አሻለኝ ልጄ።»

«የቱ ክኒን?»

ከኪሳቸው አወጡት። ልጃቸው ከጅቡቲ ይልክላቸዋል። ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አየሁት፤ ፊናስተራይድ፣ 5 ሚሊግራም። መጠይቁ ላይ መድኃኒት የሚጻፍበት ቦታ የለም። ስለዚህ ኅዳጉ ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የወሰዱበትን ጊዜ ጻፍኩ።

ስለዚህ መድኃኒት ትንሽ ልበል። ቴስቶስተሮን ዲኤችቲ ወደሚባለው ይበልጥ ኃይለኛ ሆርሞን እንዳይቀየር ያግዳል። ፕሮስቴትን የሚያሳድገው በዋናነት ዲኤችቲ ነው። ታሪኩ ሁሌ ይገርመኛል። በፈረንጆቹ 1974 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ይህን ለውጥ የሚያካሂደው ኢንዛይም በተፈጥሮ የጎደላቸው ቤተሰቦች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። ወንዶቹ ሲያድጉ ፕሮስቴታቸው ትንሽ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒት ለመሥራት የተነሱ ሰዎች ከዚያ ፍንጭ አገኙ። 1992 ላይ ፊናስተራይድ አሜሪካ ውስጥ ለፕሮስቴት ዕድገት ተፈቀደ። ዕጢውን ያሳንሳል፣ ሽንትን ያቃልላል። ጥሩ መድኃኒት ነው።

ነገር ግን ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሲወሰድ ደም ውስጥ ያለውን ፒኤስኤ በግምት በግማሽ ያወርደዋል። ካንሰር ካለ ካንሰሩ እዚያው ነው፤ የወረደው ቁጥሩ ነው። ስለዚህ ውጤቱን የሚያነብ ሰው በ2 ማባዛት አለበት። ይኼን የተማርኩት ቀዶ ሕክምና ዋርድ ስሠራ ከአንድ ሰርጀን ነው። ራውንድ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ «የሚወስዱትን መድኃኒት ካርቶኑን አሳዩኝ» ይል ነበር። ሕመምተኛው ስም ቢሳሳት ካርቶኑ አይሳሳትም።

የአባባ ውጤት መጣ። 3.4።

ሱፐርቫይዘራችን በየሳምንቱ እየመጣ ቅጾቹን አንድ በአንድ ያያል። የሳቸው ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«ሲስተር፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የሚወስዱት መድኃኒት ነው። ውጤታቸው ሲባዛ 6.8 ይሆናል። ወደ ሐኪም መላክ አለባቸው።»

«3.4 ከ4 በታች ነው።»

«ክኒኑን እየወሰዱ እኮ ነው።»

«ማን ነው ያለሽ?»

ማን እንዳለኝ ነገርኩት።

«ፕሮቶኮሉ ላይ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲህ አለቀ። አንቺ ዳታውን ሰብስቢ። መተርጎም የኛ ሥራ ነው።»

ነርስ ሆኖ የሠራ ሰው ይችን አነጋገር ያውቃታል። ሰምተን እናልፋታለን። ያን ቀን ግን አላለፍኳትም። «የስምምነት ቅጹን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ» አልኩት። «‹ችግር ከተገኘ ወደ ሐኪም እንልካለን› ይላል። ይኼን ሰምተው ነው የፈረሙት። እሺ ያሉትም እኔን አምነው ነው።»

«ችግር ማለት ከ4 በላይ ማለት ነው» አለ። እስክሪብቶውን አወጣና ኅዳጉ ላይ የጻፍኩትን ሰረዘው። ዳታ የሚያስገቡት ልጆች እንዳይምታታባቸው ነው አለኝ። ቅጹን ካለቁት ጋር ደርቦ ወደሚቀጥለው አለፈ።

4 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። በፈረንጆቹ 2004 ላይ የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ፒኤስኤያቸው 4 እና ከዚያ በታች የሆኑ 2,950 ወንዶች ባዮፕሲ ተደርጎላቸው 15 በመቶ ያህሉ ላይ ካንሰር ተገኝቷል። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ፊናስተራይድ አይወስዱም ነበር። በተቃራኒው ደግሞ ከ4 እስከ 10 ያለው ሁሉ ካንሰር የለበትም፤ በባዮፕሲ የሚገኝበት ከአራቱ አንዱ ገደማ ነው። ቁጥሩ ጥርጣሬ ነው የሚሰጠን። ጥርጣሬን የሚያጠራው ሰውየውን ማየት ነው።

ለሱፐርቫይዘራችን ፍትሐዊ መሆን እፈልጋለሁ። ስጋቱ መሠረት አለው። እያንዳንዱን ሽማግሌ ብንልክ ያሉን ጥቂት ሰርጀኖች አይችሉትም። ከዚያም በላይ ብዙ የፕሮስቴት ካንሰር ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። እንግሊዝ ውስጥ 1,643 ወንዶች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ክፍል ክትትል ብቻ፣ አንዱ ቀዶ ሕክምና፣ አንዱ ጨረር። 15 ዓመት ከተከታተሏቸው በኋላ 2023 ላይ ውጤቱ ወጣ። በሦስቱም ክፍል 97 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በዚህ ካንሰር አልሞቱም። ያለ አግባብ ሰው ማስደንገጥ፣ ያለ አግባብ መቁረጥ እውነተኛ ጉዳት ነው። ይኼን አምናለሁ። የማልቀበለው ግን ከጉዳቱ አንዱን ወገን ብቻ መፍራት ነው። መጠይቁ ያለ ምክንያት የሚደነግጠውን ሰው አስቦለታል። ያለ ምክንያት ተረጋግቶ ቤቱ የሚገባውን አላሰበለትም።

አባባ ውጤታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ወረቀቱ ላይ «መደበኛ» ተብሎ ነበር። እኔ ወረቀቱን አልነካሁም። በቃሌ ነገርኳቸው።

«አባባ፣ ይኼ ቁጥር «መደበኛ» የሚባለው ክኒኑን ለማይወስድ ሰው ነው። ሰርጀን ይዩ። ካርቶኑን ይዘው ይሂዱ።»

«ደህና ነህ ተባልኩ አይደል?»

«ወረቀቱ ነው ያለው። እኔ ሐኪም ይይዎት ነው የምለው።»

ትንሽ አዩኝ። «ባቡር ቤት ሳለን» አሉ፣ «መኪናው ደህና ነው ተብሎ ተፈርሞም ሹፌሩ ድምፁን ካልወደደው አይነሳም ነበር።» ሄዱ።

ሰርጀኑ በጣት ሲመረምራቸው በፕሮስቴቱ አንድ ጎን ጠጣር ነገር አገኘ። በደንገጎ ሽቅብ ወደ ሐረር ተልከው ባዮፕሲ ተወሰደላቸው። የፓቶሎጂ ውጤቱን መጠበቅ ለቤተሰቡ ከባድ ነበር፤ ልጃቸው ከጅቡቲ በየቀኑ ይደውልልኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ግሊሰን 4 ሲደመር 3 የሚል ወረቀት መጣ። ግሊሰን የፕሮስቴት ካንሰር ክፋት የሚለካበት ነጥብ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ካንሰሩ ይከፋል። የመጀመሪያው ቁጥር በናሙናው ላይ በብዛት የታየው የሕዋስ አቀማመጥ ነው። ሁለተኛው ቀጥሎ በብዛት የታየው ነው። 3 ሲደመር 3 ቢሆን ኖሮ፣ አለ ሰርጀኑ፣ በየጊዜው እያየን እንጠብቅ ነበር። በ4 የሚጀምር ግን ለመጠበቅ አይመችም። ወደ አጥንት እንዳልሄደ ተረጋገጠ። ጀርባ ሲያማቸው «የእርጅና ነው» እየተባሉ ቆይተው እግራቸው ሲከዳቸው የሚመጡ አባቶችን ዋርድ ውስጥ ብዙ አይቻለሁ። በዚያ ሰዓት የሚደረግላቸው ነገር በጣም ያነሰ ነው።

ሕክምናው የሆርሞን መርፌ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ጨረር ሆነ። መርፌውን የምወጋቸው እኔ ነበርኩ። ለምን እንደሚወጉ ጠየቁኝ። ይኼ ካንሰር በወንድ ሆርሞን እንደሚመገብ፣ ይኼንንም ቻርለስ ሀጊንስ የተባለ ሐኪም ከባልደረባው ጋር በፈረንጆቹ 1941 እንዳሳየ፣ በኋላም 1966 ላይ ኖቤል እንደተሸለመበት ነገርኳቸው። ያኔ መንገዱ የዘር ፍሬን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነበር፤ ዛሬም መርፌ ለማያገኝ ሰው ይሠራል። «1941?» አሉ። «ታዲያ ይኼን ያህል ዘመን የሚታወቅ በሽታ እንዴት ክኒን መጠየቅ ይረሳል?» መልስ አልነበረኝም።

የጥናቱ ውጤት አዳራሽ ውስጥ ሲቀርብ ተጋብዘን ሄድን። ስላይዱ ላይ አብዛኞቹ «መደበኛ» ናቸው ይላል። አባባ እዚያ ውስጥ አሉ። ካንሰራቸው እየታከመ፣ በጥናቱ ግን ጤነኛ ናቸው። እጄን አወጣሁና ስንቶቹ ፊናስተራይድ ወይም ተመሳሳዩን ዱታስተራይድ ይወስዱ እንደነበር ጠየቅኩ። «የጥናቱ ዓላማ አልነበረም» ተባልኩ። ሻይ ዕረፍት ላይ አንድ ወጣት ሬዚደንት መጥቶ አነጋገረኝ። በፈረንጆቹ 2019 ላይ የወጣ፣ ከ80 ሺህ በላይ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችን መዝገብ ያየ ጥናት አሳየኝ። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስዱት፣ ቁጥራቸው ተስተካክሎ ሲነበብ ከፍ ካለበት ጊዜ ጀምሮ ካንሰራቸው እስኪታወቅ በአማካይ 3.6 ዓመት ፈጅቷል። የማይወስዱት 1.4 ዓመት። በካንሰሩ የመሞት ዕድላቸውም ከፍ ያለ ነበር። ስልኩን ይዤ ቆሜ አነበብኩት። የተሰረዘችው የኔ ኅዳግ ይኼው ናት።

ኅዳጉ ላይ የጻፍኩት ከተሰረዘበት ቀን ጀምሮ የሚመጡትን ሁሉ ስለ ክኒን በቃል እጠይቅ፣ የሚወስዱትን ወደ ሰርጀኑ እልክ ነበር። ከዚያ በፊት በኔም ሆነ በሌሎች ጠረጴዛ ያለፉት ግን አልተጠየቁም። ስማቸው በኮድ ነው፤ የኮዱ ዝርዝር ጥናቱን የሚመራው ሰው ጋ ተቆልፏል። ሰዎቹን ጠርተን አንድ ጥያቄ ብቻ እንድንጠይቃቸው በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል አይቻልም ተብሏል። ምስጢሩ የነሱ ነው፣ የሚጠበቀውም ለነሱ ሲባል ነው ብዬ እንደገና ጽፌያለሁ።

መልሱ እስኪመጣ ይኼን የምታነቡ የድሬ ልጆች አንድ ነገር አድርጉልኝ። አባታችሁ ለሽንት ክኒን የሚወስዱ ከሆነ፣ ደማቸውም ተመርምሮ «መደበኛ ነው» ከተባሉ፣ ካርቶኑንና የውጤት ወረቀቱን አንድ ላይ ይዛችሁ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው።