የሚሞት ኮከብ የሚጥለው ጋዝ፦ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ

እንዴት ሰነበታችሁ የሰማይ ወዳጆች። እዚህ ደብረ ማርቆስ ክረምቱን ሙሉ ሰማዩ ተዘግቶ ስለከረመ ቴሌስኮፑን ሸፍኜ ስለ ፕላኔታሪ ኔቡላ (የሚሞት ኮከብ ጥሎት በዙሪያው ስለሚያበራው የጋዝ ደመና) ሳነብ ነው የከረምኩት፣ እና በጣም ገርሞኛል።

እኛ በቴሌስኮፕ የምናየው መሀል ላይ ያለው ትኩስ ኮከብ በአልትራቫዮሌት (ለአይን በማይታይ ኃይለኛ ጨረር) የሚያበራውን ጋዝ ብቻ ነው፤ ያ ጋዝ ግን ከኮከቡ ሲወጣ ቀዝቃዛ ነበር፣ አብዛኛውም ሞለኪውል። ፀሐይን የሚመስል ኮከብ ሲያረጅ ያብጣል፣ ላዩም ይቀዘቅዛል፣ ከዛ ከላዩ በሚወጣው ጋዝ ውስጥ አቧራ ይፈጠርና የኮከቡ ብርሃን አቧራውን ሲገፋው አቧራው ደሞ ጋዙን እየጎተተ ይዞት ይሄዳል፣ በሰከንድ ከ10 እስከ 20 ኪሎሜትር አካባቢ። የኛዋ ፀሐይም ከክብደቷ ግማሽ የሚጠጋውን እንዲህ ነው የምትጥለው።

አንድ ጥያቄ ግን እንቅልፍ ነሳኝ፣ ያ ሁሉ አልትራቫዮሌት እየወረደበት ሞለኪውሉ እንዴት ሳይበጣጠስ ይተርፋል? መልሱ ጋዙ እኩል አለመበተኑ ነው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን፣ ጄምስ ዌብ የተባለው የህዋ ቴሌስኮፕ ያነሳውን የሪንግ ኔቡላ (ቀለበት የሚመስል ፕላኔታሪ ኔቡላ) ፎቶ አይታችሁ ከሆነ ቀለበቱ ውስጥ 20,000 ገደማ ጥቅጥቅ ያሉ እብጠቶች አሉ፣ በሞለኪውል ሃይድሮጅን የበለፀጉ። እብጠቱ ልክ ቀትር ላይ ዋርካ ስር እንደመጠለል ነው፣ ፊቱ ይቃጠላል ከውስጡና ከኋላው ያለው ግን ይተርፋል። ከቀለበቱ ውጪ ደሞ 10 የሚያህሉ ቅስቶች ተደርድረዋል፣ በየ280 አመቱ ገደማ አንድ አንድ እየተፈጠሩ፣ ይሄ ኮከቡን የሚዞር ሌላ ጓደኛ ኮከብ እንዳለ ይጠቁማል ተብሏል። እኔ ከፎቶው ሁሉ በጣም የወደድኩት እነዚህን ቅስቶች ነው።

ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ የካርቦን ሞኖክሳይድ ግራፍ ማንበብ ነው፣ ማለትም ከዚህ ጋዝ የሚመጣው የሬዲዮ ሞገድ በየፍጥነቱ ምን ያህል እንደሚበረታ የሚያሳየውን። ሞለኪውል ሃይድሮጅን ሲቀዘቅዝ ምንም አያበራም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ እንደ አልማ ያሉ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ካርቦን ሞኖክሳይድን ነው የሚከታተሉት፣ 115 እና 230 ጊጋኸርዝ ላይ። ግራፉ ላይ ሁለት ቀንድ (ሁለት ጫፍ) ካያችሁ አንዱ ወደኛ የሚመጣው ጋዝ ነው ሌላው የሚርቀው፣ በመሀላቸው ያለውን የፍጥነት ልዩነት ለሁለት ስትካፈሉት ጋዙ የሚሰፋበት ፍጥነት ይወጣል። ኔቡላው ከኛ ያለው ርቀት ከታወቀ የስፋቱን ግማሽ (ከመሀል እስከ ጠርዝ) ለዛ ፍጥነት አካፍሎ እድሜውን መገመት ይቻላል፣ ይሄን አሁን በራሴ መስራት ችያለሁ።

ቀጥሎ ሄሊክስ ኔቡላ የሚባለውን ሌላ ፕላኔታሪ ኔቡላ ነው የማየው፣ 650 የብርሃን አመት ገደማ ነው የሚርቀው። ጥቅምት ላይ አመሻሽ ከኛ ሰማይ በደንብ ከፍ ይላል፣ ግን ሰፊና ደብዛዛ ስለሆነ ከከተማ መብራት ወጣ ማለት ይፈልጋል። ቢቸና፣ ደጀን፣ ፍኖተ ሰላም ያላችሁ ባይኖኩላርም ቢሆን ይዛችሁ ሞክሩትና ያያችሁትን ፃፉልኝ።