ወሎን በቴምብር፦ ያለ ክፍያ ዝርዝር ማውጣት፣ ያለ ክፍያ ቴምብር ማግኘት

በጭብጥ የተመሠረተ የቴምብር ስብስብ ለመጀመር መጀመሪያ የሚያስፈልገው ብር ሳይሆን ዝርዝር ነው። በመረጡት ጭብጥ ምን ምን ቴምብር እንደታተመ የሚያሳይ ዝርዝር ከሌለ የሚጠራቀመው ነገር ክምር ብቻ ይሆናል። እኔ የያዝኩት ጭብጥ ወሎ ነው፤ ላሊበላ፣ መቅደላ፣ ውጫሌ፣ እንዲሁም በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት ከፍታዎች የሚኖሩት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ። ከዚህ በታች የምጽፈው ደሴ ላይ ተቀምጦ፣ በስልክና በየመሥሪያ ቤቱ በሚጣል ፖስታ የሚሠራውን መንገድ ነው።

የጭብጡ ስፋት ሁሉን ይወስናል። «እንስሳት» ብሎ የጀመረ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢሰበስብ አይጨርስም። «ቀይ ቀበሮ» ያለ ግን ዝርዝሩን በጥቂት ገጽ ይዞ ይሄዳል። «አብያተ ክርስቲያናት» ሰፊ ነው፤ «ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት» ይበቃል። የኔ መለኪያ ቀላል ናት፦ የመጀመሪያው ፍለጋ ከ150 በላይ ቴምብር ካወጣ አጠባለሁ፣ ከ30 በታች ከሆነ ጎረቤት ርዕስ እጨምራለሁ። ላሊበላ ብቻውን ትንሽ ስለነበር ነው መቅደላና ቀይ ቀበሮ የገቡት።

ነፃ ከሆኑት ካታሎጎች (የታተሙ ቴምብሮች መዝገብ ማለት ነው) በየቀኑ የምከፍተው ኮልኔክት የሚባለውን ድረ ገጽ ነው። መመዝገብ ነፃ ነው። አገር፣ ዓመትና ጭብጥ እየመረጡ መፈለግ ይቻላል፤ ለብዙዎቹ ቴምብሮችም ምስል፣ የጥርስ ልክ (በጠርዙ ዙሪያ ያሉት ጥርሶች ጥግግት)፣ ዋጋ (በቴምብሩ ላይ የተጻፈው ማለቴ ነው) እና የታወቁት ካታሎጎች የሚሼል፣ የስኮት፣ የስታንሊ ጊበንስና የኢቬር ቁጥሮች ተመዝግበው ይገኛሉ። ጉድለቱ መረጃውን የሚያስገቡት ሰብሳቢዎች ራሳቸው መሆናቸው ነው። ላሊበላን የሚያሳይ ቴምብር «ቱሪዝም» በሚል ጭብጥ ብቻ ተመዝግቦ «አብያተ ክርስቲያናት» ውስጥ ሲፈልጉት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በጭብጥ ከፈለግሁ በኋላ ኢትዮጵያን መርጬ ዓመት በዓመት ምስሎቹን ብቻ እያየሁ እወርዳለሁ። አሰልቺ ነው፤ ግን ከጭብጥ ፍለጋው ያመለጠ የሚገኘው በዚህ ነው። ስታምፕወርልድም ነፃ ካታሎግ አለው፤ ቁጥሩ ግን የራሱ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ቁጥር ሲጽፍ ነው። «ቁጥር 560» ብሎ መጻፍ ምንም አይናገርም፤ የስኮት 560 እና የሚሼል 560 የተለያዩ ቴምብሮች ናቸው። ሁልጊዜ ከቁጥሩ ፊት የካታሎጉን ስም አስገቡ። ከሌላ አገር ሰብሳቢ ጋር ስትለዋወጡ የተሳሳተ ቴምብር የሚመጣው በአብዛኛው በዚህ ነው።

ቀጥሎ ዘመን ነው። ካታሎጎቹ በሙሉ የሚጠቀሙት የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። በ1970 የወጣውን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ስብስብ በእኛ 1970 የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ የወጣው በሚያዝያ ወር ስለሆነ በእኛ 1962 ነው። ከመስከረም እስከ ፈረንጅ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜ 8 ነው። በዝርዝሬ ላይ ሁለቱንም በተለያየ ዓምድ እጽፋለሁ፤ በአንድ ዓምድ መቀላቀል ኋላ ማጥራት የማይቻል ውዥንብር ያመጣል።

ፖስታ ቤቶች ቴምብር የሚያወጡት ብዙውን ጊዜ በመታሰቢያ ዓመት ነው፤ ይህን ማወቅ ፍለጋውን በግማሽ ያሳጥረዋል። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱት በፈረንጁ 1868 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በፈረንጁ ናቸው)፤ 100 ስትደምሩ 1968 ይመጣል፤ የዚያን ዓመት የኢትዮጵያን ቴምብሮች ክፈቱና ታገኟቸዋላችሁ። የውጫሌ ውል 1889፣ ዓድዋ 1896፣ ላሊበላ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው 1978። በእያንዳንዱ ላይ 25፣ 50፣ 75፣ 100 እየደመራችሁ የዓመታት ዝርዝር አውጡ፤ ከዚያ በእነዚያ ዓመታት የኢትዮጵያን ብቻ ሳይሆን የሌሎች አገሮችንም ተመልከቱ። የወባ ዘመቻ የሚሰበስብ ሰው ደግሞ ሥራው ቀለል ይላል፤ በ1962 የዓለም ጤና ድርጅት ባስተባበረው ዘመቻ ብዙ አገሮች በአንድ ዓመት ስላወጡ ዝርዝሩ ተሠርቶ የተቀመጠ ነው። ቃሉና ባቲ ላደገ ሰው የወባ ጭብጥ እንግዳ አይሆንበትም።

የስም አጻጻፍም ያስቸግራል። ላሊበላ በላቲን ፊደል አንዳንዴ መጨረሻው ላይ በአንድ ኤል፣ አንዳንዴ በሁለት ኤል ይጻፋል። ወሎ ቢያንስ በሦስት መልክ ይመጣል፤ ከደብልዩ ቀጥሎ ኦ፣ ኢ ወይም ኤ እየሆነ። ኮምቦልቻ በጣልያን አጻጻፍ በኬ ሳይሆን በሲ ይጀምራል። ቀይ ቀበሮ ከሁሉ ይብሳል፤ ሲሚየን ፎክስ፣ ሲሚየን ጃካል፣ አቢሲኒያን ዎልፍ፣ ኢትዮጵያን ዎልፍ ሁሉም እሱ ነው። ለእንስሳ መፍትሔው ሳይንሳዊ ስሙ ነው፤ ካኒስ ሲሜንሲስ ለቀይ ቀበሮ፣ ቴሮፒቴከስ ጄላዳ ለጭላዳ። በላቲን ፊደል ጽፋችሁ ፈልጉ፤ በየትም አገር ቴምብር ላይ ያለ ይወጣል።

ለቆዩ ቴምብሮች የድሮ መጻሕፍት የሚገኙበትን ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባል ድረ ገጽ የሚተካ የለም። የቅጂ መብታቸው ያለፈ ካታሎጎች በነፃ ይወርዳሉ፤ ከአዳዲሶቹም አንዳንዶቹን ነፃ አካውንት ከፍቶ በውሰት ማንበብ ይቻላል። ዋጋቸውን እርሱት። ጠቃሚው መግለጫቸው ነው፤ የ1894ቱ የምኒልክና የአንበሳ ቴምብሮች ሰባት መሆናቸውን፣ ፓሪስ መታተማቸውን፣ በኋላ «ቦስታ» እና «መልእክት» የሚል ጽሑፍ በላያቸው የተመታባቸው መኖራቸውን የሚያስረዳው እሱ ነው። ይህ የተጨማሪ ጽሑፍ ነገር በብዛት ተመሳስሎ የተሠራበት ስለሆነ ማንም ርካሽ አድርጎ ቢያቀርብ አትቸኩሉ። የ1919ኙ የዱር አራዊት ቴምብሮችም (ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስ ያሉባቸው) ድጋሚ ኅትመታቸው ብዙ ነው፤ የፖስታ ቤት ማኅተም ያልተመታበት፣ አዲስ የመሰለ ሙሉ ስብስብ ካያችሁ መጀመሪያ ድጋሚ ኅትመት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

በጭብጥ የሚሰበስብ ሰው ከማንም በላይ የሚታለለው በሕገ ወጥ ቴምብር ነው፤ የሚያታልሉት ሰዎች ጭብጥ ሰብሳቢውን አስበው ስለሚያትሙ። የአንድ አፍሪካ አገር ስም ይጻፍበታል፤ ድመት፣ ባቡር፣ ዳይኖሰር ወይም የፊልም ተዋናይ በአራት ወይም በዘጠኝ ተደርድሮ ይታተማል፤ የዚያ አገር ፖስታ ቤት ግን አያውቀውም። የዓለም ፖስታ ኅብረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ጀምሮ የሚወጡ ቴምብሮችን የሚመዘግብበት ደብልዩ ኤን ኤስ የሚባል ነፃ ማውጫ አለው። አባል አገሮች ስለ ሕገ ወጥ ቴምብር ያወጡት ማስጠንቀቂያም እዚያው ይነበባል። አንድ ማስጠንቀቅ ያለብኝ ነገር፦ ሁሉም አገር ሁሉንም ቴምብሩን አላስመዘገበም። ማውጫው ውስጥ አለ ማለት ሕጋዊ ነው፤ የለም ማለት ግን ብቻውን ሐሰተኛ ነው አያሰኝም፤ ማስጠንቀቂያዎቹን አብራችሁ አንብቡ።

ዝርዝሩን በሊብረኦፊስ ወይም በጉግል ሺትስ እሠራለሁ። ዓምዶቹ፦ አገር፣ ዓመት በእኛ፣ ዓመት በፈረንጅ፣ የካታሎግ ስምና ቁጥር፣ የቴምብሩ ዋጋ፣ ምስሉ፣ የጥርስ ልክ፣ አለኝ ወይስ የለኝም፣ የያዝኩት ጉድለት። ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም ገጾቹን በፒዲኤፍ አስቀምጣለሁ፤ ሌሊት ወይም ማለዳ መረቡ ሲፈጥን አንድ ዓመት ሙሉ አወርድና ቀን ላይ ሳልገናኝ እመዘግባለሁ።

አሁን ወደ ቴምብሩ። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው ቤት ለቤት አይታደልም፤ የሚመጣው ፖስታ ሣጥን ነው። ስለዚህ የቆየ ፖስታ የሚገኘው ለዓመታት ፖስታ ሣጥን የነበራቸው ዘንድ ነው፦ ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎች፣ የእርዳታ ድርጅቶች፣ ኮምቦልቻ ያሉ ፋብሪካዎች፣ ነጋዴዎች። የሚጠየቀው ሰው ሥራ አስኪያጁ አይደለም፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው። ጥያቄው አጭርና ግልጽ ይሁን፦ «ጋሼ፣ ደብዳቤውን አልፈልገውም፤ የሚጣል ባዶ ፖስታ ካለ ብቻ ነው።» ደብዳቤውን እንደማትነኩ ሲያውቁ «አብሽር» ብለው ካርቶን የሚያወጡ አሉ። ከሰነድ ጋር የተያያዘ ፖስታ ግን አይነካም፤ በውል ላይ የተለጠፈ የቀረጥ ቴምብርም አይላጥም፤ እሱ በፖስታ ቴምብር ካታሎግ ስለማይገባ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም፣ ሰነዱን ግን ያበላሻል።

ሁለተኛው ምንጭ ቤተሰብ ነው። ስልክ ሳይስፋፋ በፊት ከጅዳ፣ ከሪያድና ከቤይሩት የመጣ ደብዳቤ፣ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ኩባ፣ ሶቪየት ኅብረትና ምሥራቅ ጀርመን ከሄዱ ልጆች የመጣ ደብዳቤ በብዙ የደሴ ቤት ሣጥን ውስጥ አለ። የኩባና የሶቪየት ቴምብሮች በሥዕል ሀብታም ናቸው፤ ጠፈር፣ አበባ፣ ወፍ፣ ስፖርት። የራሳችሁ ጭብጥ ባይሆኑም ለልውውጥ ይሆናሉ። እማማን ስትጠይቁ ፖስታውን ለመቅደድ አትቸኩሉ፤ የደሴ፣ የወልድያ ወይም የሐይቅ ማኅተም በግልጽ ያረፈበት ሙሉ ፖስታ ከቴምብሩ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ጭራሽ አትቁረጡ፣ አትንከሩ።

የሚነከረው ተራው ነው። በቴምብሩ ዙሪያ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወረቀት ተርፎ ይቆረጣል፤ ጥርሱ ጋ ተጠግቶ መቁረጥ ጥርስ ይበላል። ለብ ባለ ውኃ፣ ሥዕሉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ። ራሱ ተንሸራቶ ይለቃል፤ ካልለቀቀ ጠብቁ እንጂ አትሳቡ፤ የተሳበ ቴምብር ጀርባው ይሳሳና ዋጋ ያጣል። ቀይ ወይም ቡናማ ፖስታ ቀለም ስለሚለቅ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃ። ሙጫው እስኪያልቅ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ፤ የቀረ ሙጫ ሲደርቅ ከወረቀቱ ጋር ያጣብቀዋል። ሥዕሉን ወደ ታች አድርጋችሁ ጽሑፍ በሌለው ነጭ ወረቀት ላይ አድርቁ (የጋዜጣ ቀለም ይተላለፋል)፤ ሊደርቅ ሲል በሁለት ነጭ ወረቀት መሐል ከባድ መጽሐፍ ሥር አንድ ሌሊት ይደር። የቅርብ ዘመን ራስ ተለጣፊ ቴምብሮች ብዙዎቹ በውኃ አይለቁም፤ እነሱን ከወረቀታቸው ጋር 5 ሚሊ ሜትር ያህል አስተርፎ ማስቀመጥ ይሻላል።

ጥርስ ለመለካት መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሉትን ጥርሶች መቁጠር ነው ልኩ። 14 በ13½ ከተባለ የመጀመሪያው አግድሙ፣ ሁለተኛው ቁመቱ ነው። መለኪያ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ስታሳትሙ «ከገጹ ጋር አመጣጥን» የሚለውን አጥፉና በ100 ፐርሰንት አትሙ፤ ከዚያ በማስመሪያ አረጋግጡ። 97 ፐርሰንት የሆነ ኅትመት 13½ን 13 ያስመስላል፣ ያኔ የሌለ ዓይነት ያገኛችሁ ይመስላችኋል።

ደሴ ላይ ዋናው ጠላት ክረምት ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ጭጋጉ ቤት ሲገባ ሙጫ ያለው አዲስ ቴምብር ከገጹ ይጣበቃል፣ ያገለገለውም ቡናማ ነጥብ ያወጣል። አልበሙን አቁሙት እንጂ አትደርድሩበት፤ ከጫማ ካርቶን የሚወጣውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አጠገቡ አኑሩ፤ ከማድ ቤት ጭስና ከዕጣን አርቁ። ሽታ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ ፒቪሲ ስለሆነ ቀለሙን ይበላል። ገንዘብ ከሌለ ነጭ ወረቀት አጥፎ የተሠራ ኪስ ከመጥፎ ፕላስቲክ ይሻላል። ቴምብር በጣት አይያዝም፤ ጫፉ ድፍን የሆነ ወረንጦ ይበቃል፤ ሹሉ ይበሳል።

ለገጽ ሥራ የአሜሪካ ፊላቴሊክ ማኅበር በድረ ገጹ ነፃ የአልበም ገጾች አሉት፤ ለራስ ጭብጥ ግን አልበምኢዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወይም ተራ ሊብረኦፊስ ይሻላል። ገጾቹን በአገር ሳይሆን በታሪኩ ቅደም ተከተል አዘጋጁ፤ ከአለቱ ወደ ሕንፃው፣ ከሕንፃው ወደ በዓሉ እንደሚሄድ። ከሥር የሚጻፈው ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ ስለ ምስሉ እንጂ ስለ ቴምብሩ ዋጋ አይሁን።

ለልውውጥ ኮልኔክት ላይ ያለኝንና የምፈልገውን ምልክት ሳደርግ ከማን ጋር እንደምገጥም ራሱ ያወጣል። መጀመሪያ ከአምስት ቴምብር ያልበለጠ ልኩ፤ የላኪው ታሪክ መልካም ከሆነ ብዛቱ ይጨመር። ቴምብሮቹን በወረቀት ኪስ፣ ኪሱን በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሐል አድርጉ፤ ፕላስተሩ ኪሱን ሳይነካ ካርቶኑን ብቻ ይያዝ። ከፖስታው ውጭ ደግሞ ከጭብጣችሁ አንድ የኢትዮጵያ ቴምብር ለጥፉና ፖስታ ቤቱ በእጅ እንዲያትመው ጠይቁ፤ የደሴ ማኅተም ያረፈበትን ፖስታ የሚቀበለው ሰው ከውስጡ ካሉት አስበልጦ ያስቀምጠዋል።