ፍሬን የሚበላው ቤንዚን፦ ከባሕር ዳር ወረታ ቀስ ብዬ ስነዳ ያገኘሁት

ከባሕር ዳር ወረታ የምመላለሰው ለሩዝ ነው። ወረታ ላይ የተፈለፈለ የፎገራ ሩዝ እጭንና ባሕር ዳር ላሉ ሱቆች አከፋፍላለሁ። መኪናዬ ባለ አንድ ሊትር ሞተር ማንዋል ቪትዝ ናት፤ የኋላ ወንበሯን ሳጥፈው ሁለት ኩንታል ትይዝልኛለች። ደርሶ መልሱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሩዙ ትርፍ የሚሰፋውም የሚጠበውም ቤንዚኑ ላይ ነው። ነዳጅ በሰልፍ በሚቀዳበት ሰሞን ደግሞ አንድ ሊትር መቆጠብ ብር ማትረፍ ብቻ አይደለም፤ ማደያ በር ላይ ተገትሮ የሚባክን ግማሽ ቀንም ያድናል። ከመስቀል ወዲህ ፍጥነቴን ቀንሼ፣ የእግሬን ነገር እየተከታተልኩ፣ እያንዳንዱን ሙሌት ደብተር ላይ እያሰፈርኩ ነው። በሊትር 14 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትሄድ የነበረች መኪና አሁን ከ17 በላይ ትሄዳለች። ሞተሩ አልተነካም፣ የተገዛ ዕቃም የለም።

ልኬቱን አስቀድማለሁ፤ ልኬቱ ካልታመነ የቀረው ወሬ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የነዳጅ ቀስት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሁልጊዜ አንድ ማደያ፣ ከተቻለ አንድ ፓምፕ ላይ እቀዳለሁ። ቀጂውን “አፍንጫው ራሱ ጠቅ ብሎ ሲቆም በቃህ፣ አትጨምርበት” እለዋለሁ፤ ብሩን ድፍን ለማድረግ እየጠቀጠቁ መጨመር የተለመደ ነው፣ በትንሽ ታንክ ላይ ግን ያቺ ጭማሪ ስሌቱን ታዛባለች። ከሞላ በኋላ ትሪፑን፣ ማለትም የጉዞ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን፣ ዜሮ አደርጋለሁ። በሚቀጥለው ሙሌት የሄድኩትን ኪሎ ሜትር በተቀዳው ሊትር አካፍላለሁ፤ አለቀ። በቴሌብር የከፈልኩት ብር ስልኬ ላይ ስለሚቀር፣ ለሊትሩ ዋጋ አካፍዬ ደብተሬን አመሳክርበታለሁ። ታንኩ ሙሉ በማይቀዳበት ቀን ልኬቱን እዘለውና እስከሚቀጥለው ሙሌት አጠራቅመዋለሁ። ደግሞ በአንድ ሙሌት አልፈርድም፤ ነፋሱ፣ ጭነቱ፣ ሰልፍ ላይ ሞተር ሳይጠፋ የቆየበት ጊዜ ሁሉ ቁጥሩን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል።

መጀመሪያ የቀየርኩት ፍጥነቱን ራሱን ነው። የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ እስከ ወረታ ያለው መንገድ የፎገራ ሜዳ ነው፤ ግራ ቀኙ የሩዝ ማሳ፣ አስፋልቱ የተዘረጋ። ሳይታወቅ 90 እና 100 የሚገባበት ቦታ ነው። እኔ 70 ላይ ገደብኩት። አየሩ መኪናዋን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው። ከ70 ወደ 90 ስንወጣ ፍጥነቱ የጨመረው 29 በመቶ ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን 65 በመቶ ይጨምራል። እርግጥ የቤንዚኑ ፍጆታ በዚያው ልክ 65 በመቶ አያድግም፤ ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ያለው ሰበቃ በፍጥነት ብዙ አይለወጥም። ሆኖም እንደ ቪትዝ ባለ ትንሽ መኪና ላይ ልዩነቱ በሁለተኛው ሙሌት ደብተር ላይ ወጥቶ ታየኝ።

ቀስ ማለት ግን መንፏቀቅ አይደለም። 40 ላይ በ3ኛ ማርሽ እየጎተቱ መሄድ ቤንዚን አይቆጥብም፤ ሞተሩ ራሱን ለማዞር የሚፈጀው ነዳጅ በጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚያርፍ ፍጆታው ተመልሶ ይወጣል። ለእንደኔዋ ዓይነት መኪና ጥሩው ክልል በመጨረሻው ማርሽ፣ ሞተሩ ሳይንቀጠቀጥ፣ ከ50 እስከ 80 ያለው ነው።

ሰዓቱስ? ብሎ የሚጠይቅ አለ። 60 ኪሎ ሜትር ሙሉውን በ90 ቢኬድ 40 ደቂቃ፣ በ70 ቢኬድ 51 ደቂቃ ይፈጃል። ልዩነቱ 11 ደቂቃ መሆኑ ነው። ነገር ግን ዘንዘልማ ላይ ተማሪ አለ፣ ሐሙሲት ላይ ባጃጅና ጋሪ አለ፣ ኬላ አለ፣ በየመሃሉ ከብት ይሻገራል። 90 የሚነዳውም 90 የሚነዳው በቁራጭ በቁራጭ ነው። ዘንዘልማ ላይ ተፈትልኮ ያለፈኝን ሚኒባስ ሐሙሲት ላይ ተሳፋሪ ሲያወርድ የማገኘው ብዙ ጊዜ ነው።

ፍጥነትን ለነዳጅ ሲሉ መቀነስ አዲስ ነገርም አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ አሜሪካኖች በሕግ የፍጥነት ጣሪያቸውን 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ገደማ አድርገውት ነበር። በዚያው ዓመት በየካቲት በእኛ አገር የቤንዚን ዋጋ ሲጨመር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ የተከተለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዛሬም ነዳጃችን በሙሉ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ይህ ጉዳይ ትንሽ ነገር አይመስለኝም።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ሐሙሲት ላደርሳቸው አብረውኝ ተሳፍረው ነበር። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ “ልጄ፣ መኪናዋ ታማብሻለች እንዴ? ሁሉም እያለፈን ሄደ እኮ” አሉኝ።

“የለም እትዬ፣ ደህና ናት። ቤንዚን እየቆጠብኩ ነው።”

“መቆጠቡስ ደግ ነው። ብቻ ከኋላ የቸኮለ ሲመጣ ዳሩን ያዢለት፣ ሰው አታናድጂ።”

ልክ ናቸው። በ70 የሚሄድ ሰው ዓይኑ ከመስታወቱ መራቅ የለበትም። ከኋላ መኪና ሲጠጋኝ ቦታው ሲፈቅድ ወደ ቀኝ ጠጋ እላለሁ፣ ፍሬቻ አሳይቼ አሳልፈዋለሁ። ሰውን አስቆጥቶ በጠባብ ቦታ እንዲቀድም ማስገደድ በየትኛውም ሊትር አይካካስም።

የጣና ነፋስም የራሱ ድርሻ አለው። ፀሐይ ስትበረታ ከሐይቁ ወደ ምድር ይነፍሳል፤ ሜዳው ላይ የሚገታው የለም። ለመኪናዋ የሚታወቃት ደግሞ ከአስፋልቱ ይልቅ ከአየሩ አንጻር ያላት ፍጥነት ነው፤ በ20 ከፊት የሚመጣ ነፋስ ውስጥ በ70 መንዳት በአየሩ በኩል 90 እንደመንዳት ነው። ስለዚህ ማልጄ እወጣለሁ፤ ከሰዓት ነፋሱ ከበረታ ወደ 60 እወርዳለሁ።

ከፍታው ሌላው ነገር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ወለሉ በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ይህ የአየሩን ግፊት ትንሽ ያቀልልናል፤ የሞተሩንም ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ዳገት ላይ መኪናችሁ ብትከብዳችሁ በሽታ አይደለም፤ ከመጨቆን ማርሽ መቀነስ ይሻላል። ኢንጄክሽን ያላቸው፣ ማለትም ቤንዚኑ በኤሌክትሮኒክስ እየተለካ የሚረጭባቸው መኪኖች፣ መጠኑን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ቤንዚኑን ከአየር ጋር በካርቡሬተር የሚቀላቅሉት እንደ ቶዮታ ዲኤክስ ያሉ የቆዩ መኪኖች ግን ለዝቅተኛ ቦታ እንደተስተካከሉ ከቀሩ እዚህ ቤንዚን ይበዛባቸዋል። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ተፈትቶ ጥላሸት ከለበሰ ወደ መካኒክ መውሰድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደብተሬ ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ከተማ ውስጥ ፍሬን መቀነሴ ነው። ከእነ ጭነቷ አንድ ቶን የምትሆን መኪና በ60 ስትሄድ የያዘችው ኃይል 139 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ፍሬን ስንረግጥ ይህ ሁሉ የፍሬኑን ሸራ አሙቆ ይጠፋል፤ መልሶ ለማምጣት፣ ሞተሩ ከቤንዚኑ ኃይል ሩቡን ወደ ጎማ ያደርሳል ብለን ብናሰላ፣ 17 ሚሊ ሊትር ያህል ቤንዚን ይፈልጋል። ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ከፍ ይላል። በ30 ስንሄድ ብንቆም ግን ሩቡ ብቻ ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ዝግ ማለት የሚጠቅመው ከአየሩ ይልቅ በፍሬኑ በኩል ነው፤ ሊቆም የተቃረበ መኪና መጀመሪያውኑ መፍጠን አልነበረበትም።

ግንቦት 2016 የተከፈተውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተመልከቱ። 380 ሜትር ነው፤ ሰፊና የተመቸ ስለሆነ ብዙው ሰው መሃሉ ላይ ይረግጥና ጫፉ ላይ ፍሬን ይይዛል። እኔ ከዓባይ ማዶ ስመጣ ድልድዩ ላይ በገባሁበት ፍጥነት እሄዳለሁ፣ ግማሹን ሳልፍ እግሬን አነሳለሁ፣ ጫፉ ላይ የምደርሰው ቀድሞኝ ከሄደው ጋር እኩል ነው።

ባጃጅ ላይ ደግሞ ሕግ አውጥቻለሁ። ባጃጅ ተሳፋሪ ካየ ያለበት ቀጥ ይላል፤ ይህን ማወቅና አለማወቅ ነው ልዩነቱ። ሦስት ሰከንድ ርቀት እጠብቃለሁ፦ እሱ አንዱን የዘንባባ ዛፍ ሲያልፍ ቆጥሬ፣ እኔ ሦስት ብዬ ሳልጨርስ ዛፉ ጋ ከደረስኩ ተጠግቻለሁ ማለት ነው። ባጃጁን ብቻም አላይም፤ ከእሱ ፊት ለፊት መንገድ ዳር እጁን ያነሳውን ሰው አያለሁ። ሰውየው እጁን ሲያነሳ እኔ እግሬን አነሳለሁ። ባጃጁ ቆሞ፣ ጭኖ፣ ሲነሳ እኔ ገና እየተንከባለልኩ እደርሳለሁ፤ በ2ኛ ማርሽ ቀጥሎ መሄድ ነው። ብስክሌተኛ ለሚበዛባት ከተማ ደግሞ ይህ አነዳድ ለሰውም ደግ ነው።

ሐሙሲት ሲቃረብ ያለችው ቦታ ይህን ልምምድ በደንብ ያስተማረችኝ ናት። ከሩቅ አቧራ ይነሳል፣ ከብት ነው። በ5ኛ ማርሽ በ70 እየሄድኩ እግሬን ከነዳጅ ሙሉ በሙሉ አነሳለሁ፤ ማርሹን ግን አላወጣም። ፍጥነቱ ወደ 50 ሲወርድ 4ኛ፣ ቀጥሎ 3ኛ። እረኛው ልጅ በዱላው ጫፍ የመጨረሻዋን ጊደር ሲገፋት እኔ በ25 እየተጠጋሁ ነው። መንገዱ ይከፈታል፤ ፍሬን አልተነካም።

ማርሹን የማላወጣበት ምክንያት አለ። ብዙ ሾፌሮች ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ አስገብተው መልቀቅ ቤንዚን የሚቆጥብ ይመስላቸዋል። ኢንጄክሽን ባለው መኪና ነገሩ ተቃራኒ ነው። በማርሽ ላይ ሆነን እግራችንን ከነዳጅ ስናነሳ ሞተሩ ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጋል፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ዙሩ ወደ ሚኒሞ፣ ማለትም መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ ሲጠጋ ብቻ መልሶ ይከፍታል። ዜሮ ማርሽ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል። ከቤዛዊት ኮረብታ ስትወርዱ ሞክሩት፤ በ2ኛ ማርሽ መኪናዋ ራሷ ትይዛለች። ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ደግሞ ደጀንና ጎሃ ፅዮን መካከል ባለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ በፍጹም አታስገቡ፤ የፍሬን ሸራ ግሎ መያዝ ያቆማል። ሞተር አጥፍቶ መልቀቅማ የፍሬኑን አጋዥም፣ የመሪውንም ኃይል ይወስዳል።

የቀሩትን ባጭሩ። የጎማ ንፋስ በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ በተለጠፈው ልክ፣ ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ጎሚስታ ጋ አስለካለሁ። ፖርቶ መጋላዋን አውርጄ ሩዙን ውስጥ ብቻ እጭናለሁ፤ ጣሪያ ላይ ያለ ነገር ባዶም ቢሆን አየር ይጎትታል። ወፍጮ ቤት ሩዝ ሲመዘን ሞተር አጠፋለሁ፤ በሚኒሞ የቆመ ትንሽ ሞተር በሰዓት ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠጣል። ሁለት ኩንታል ጭኜ ስመለስ ደግሞ አነሳሴን አለሳልሳለሁ፣ ጭነት የሚከብደው ሲነሱ ነው።

አሁን የቀረኝ ክረምቱ ነው። ውሃ የቋጠረ አስፋልት ጎማውን ይይዛል፣ ፎገራ ላይም ጎርፍ መንገድ ዳር ይደርሳል፤ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ያለውን ሙሌት ለብቻው በሌላ ገጽ እይዛለሁ። በናፍጣ የምትነዱና ዲኤክስ ያላችሁ በዚሁ አለካክ የራሳችሁን ብታስቀምጡ እናወዳድራለን፤ ጭነታችሁንና የወጣችሁበትን ሰዓት አብራችሁ ጻፉት።